ለጭራዬ የተሠራ ማቶት

በላስታ ምድር ኮርቻ ላይ እንደ እኔ የሚቀመጥ ሰው አልተፈጠረም። ይህን የምለው እኔ ብቻ አይደለሁም፤ በቅሎዬ አፍ ቢኖራት እሷም ትመሰክር ነበር። ቱሪስት እንደ ጉድ በሚመጣበት ዘመን በቅሎ እያከራየሁ የኖርኩ ሰው ነኝ። ከላሊበላ ወደ አሸተን ማርያም የሚወስደውን ዳገት ፈረንጆቹ ኮርቻውን በሁለት እጃቸው አንቀው፣ ከንፈራቸውን ነክሰው ነው የሚወጡት። እኔ እነሱን አድርሼ ስመለስ እጄን አጣጥፌ፣ ዐይኔን ጨፍኜ፣ ካሰኘኝም እንቅልፌን እየጨረስኩ እወርዳለሁ። ኮርቻው ይላጥ ነበር እንጂ እኔ አልላጥም። "የእኔ መቀመጫ እንደ ቤተ ጊዮርጊስ ከአንድ ድንጋይ የተፈለፈለ ነው" ብዬ ስፎክር የንስሐ አባቴ ሰምተው ስግደት አዘዙብኝ። ሰገድኩ። ፉከራውን ግን አልተውኩም።

ያንን መቀመጫ የሰበረው ገደል አይደለም። በቅሎም አይደለችም። ነጭ የላስቲክ ወንበር ነው።

ጥር ላይ ጎረቤታችን ልጁን ድሮ፣ ዳስ ውስጥ ተሰብስበናል። ጠላው ጥሩ ነበር፤ እኔም ጥሩ ነበርኩ። በቅሎዬ አንድ ጊዜ ገደል አፋፍ ላይ አዳልጧት ከሥሬ ስትሄድብኝ፣ እኔ ተመልሳ እስክትመጣ ድረስ አየር ላይ እንደተቀመጥኩ የጠበቅኋትን ታሪክ እያወራሁ ነው።

"እንዴት አድርገህ ነው አየር ላይ የተቀመጥከው?" አለኝ አንዱ።

"እንዲህ አድርጌ ነዋ!" ብዬ ወደ ኋላ ለጠጥ አልኩ።

የወንበሩ እግር ቀጭ አለ። ከሥሬ የነበረው የደረጃ ድንጋይ ነው፤ ጠርዙን በጭራ አጥንቴ አገኘሁት። ሕመሙን ልንገራችሁ? መነሻው መቀመጫዬ ነው፤ መድረሻውን ግን አላየሁትም፤ በአናቴ በኩል ወጥቶ ወደ አቡነ ዮሴፍ ተራራ ሄደ።

ዳሱ በሳቅ ሊፈርስ ደረሰ። ሙሽራው ሳቀ፣ ካህናቱ ሳቁ። ከሁሉ በላይ የሳቀችው ግን ባለቤቴ ናት። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ፣ አንድ እጇን ወገቧ ላይ ጭና፣ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ያቺን እጇን ዛሬም አልረሳትም። ያኔ ወገቧን የያዘችው ሳቁ አላስችል ብሏት ነው ብዬ ነበር።

ከዚያን ቀን ወዲህ ቁጭ ማለት የሚባል ነገር ከእኔ ተወሰደ። ቆሜ እበላለሁ፣ ቆሜ አወራለሁ፣ ስተኛ በሆዴ ነው። ጠያቂው ሁሉ ሙዝና ምክንያት ይዞ ይመጣል። አንዱ "ብርድ ነው፤ ድንጋይ ላይ ስትቀመጥ የገባብህ ብርድ" ይላል። ሌላው "የበቅሎው ዘመን ተጠራቅሞ ነው" ይላል። "ዲስክ ነው፤ አማቴንም እንዲህ ነው የጀመራት" ያለችም አለች። ወንበሩ ሲሰበር በገዛ ዐይናቸው ያዩ ሰዎች ሳይቀሩ "ለማንኛውም ኩላሊትህን ታይ" ብለውኝ ሄደዋል።

ባለቤቴ እነሱን ስትሸኝ በር ላይ "ምክንያቱ ጉራ ነው" ትላቸዋለች። "ጉራው ወደ ታች ወርዶበት ነው።"

ጥቅምም አላጣሁበትም። ቤተ ክርስቲያን ስብከት ሲጀመር ሕዝቡ ሁሉ ይቀመጣል፤ እኔ ብቻ መቋሚያዬን ተደግፌ እንደቆምኩ እቀራለሁ። አንድ ሽማግሌ መነኩሴ ለብዙ ሰንበት ሲያዩኝ ቆይተው አንድ ቀን ባለቤቴን ጠጋ አሏት።

"ልጄ፣ ባልሽ የያዘው ትጋት ምን ዓይነት ነው? በዚህ ዘመን እንዲህ ያለ ሰው አለ?"

እኔ አንገቴን ደፋሁ፤ ፊቴንም የሥዕል ፊት አስመሰልኩ።

"አባ፣ ከወንበር ወድቆ ነው" አለቻቸው። "ቢችልማ ከሁሉም ቀድሞ የሚቀመጥ እሱ ነበር።"

በመጨረሻ ጤና ጣቢያ ወሰደችኝ። ሲስተሯ ወጣት ናት፤ ከከተማ የመጣች፣ ንግግሯ ለስላሳ፣ ጣቷ ግን እንደ ምስማር። በሆዴ አስተኝታ አንዴ ጫን ስታደርገኝ የቅዱሳንን ስም በሙሉ ጠራሁ።

"የጭራ አጥንትዎ ነው ጋሼ" አለችኝ።

"ጭራ? እኔ ጭራ አለኝ?"

"ሁላችንም አለን፤ የአከርካሪ መጨረሻ ነው።"

ባለቤቴ ከጥጉ ሆና "እኔ ድሮም ጠርጥሬ ነበር" አለች።

ሲስተሯ ሳቋን ዋጥ አድርጋ አስረዳችኝ። ይኼ አጥንት ሰው በመቀመጫው ሲወድቅ ይጎዳል፤ ረጅም ጊዜ ደረቅ ነገር ላይ ሲቀመጡበት ይቆጣል፤ እናቶችን ከወሊድ በኋላ ያማል። ጀሶ አይደረግለትም፤ ማስታገሻና ጊዜ ነው የሚፈልገው። "ሲቀመጡ ደግሞ አጥንቱ መሬት እንዳይነካ ክብ ትራስ ያስፈልግዎታል፤ መሃሉ ክፍት የሆነ። እዚህ አገር ግን አይሸጥም መሰለኝ።"

"ማቶት ነው እንዴ የምትዪው?" አለች ባለቤቴ።

ሲስተሯ ማቶት አታውቅም። ባለቤቴ በእጇ አየሩ ላይ ክብ ሠርታ አሳየቻት። የጠላ ጋን ቂጡ ሞላላ ስለሆነ ደልዳላ መሬት ላይ አይቆምም፤ ይንከባለላል። ስለዚህ ከሣር የተጠቀለለ ክብ ማስቀመጫ ከሥሩ ይደረግለታል፤ ይኸው ነው ማቶት። እናቶቻችን ለጋን ሲሠሩት ኖረዋል፤ ለሰው የሠራ ግን የለም።

"እሱን ነው፣ በትክክል!" አለች ሲስተሯ።

"እንግዲያው ቀላል ነው" አለች ባለቤቴ፣ እኔን ከላይ እስከ ታች እያየች። "ጋኑ ይኸው። ባዶ ነው እንጂ።"

ቤት ገብታ ሥራ ጀመረች። ሣሩን ራሷ መርጣ፣ አርጥባ፣ ጠቅልላ፣ በጨርቅ አጥብቃ አሰረችው። ሽፋን ያደረገችለት ደግሞ የዓመት በዓል ቀሚሷን ነው፤ ታችኛው ጠርዙ ያለቀውን፣ ጥለቱ ግን ገና ደኅና የነበረውን። ቆርጣ ዙሪያውን ሰፋችው። ስትሠራው ጎኗ ላይ ጋደም ብላ ነበር። "ቁጭ ብለሽ አትሰፊም?" ስላት "አንተ ቆመህ እየበላህ እኔ ቁጭ ብዬ ልስፋ? ሰው ምን ይለኛል?" አለችኝ። ሳቅሁ። እሷን በንግግር የሚረታ ሰው ላስታ ውስጥ የለም፤ ይህ ግን ጉራ አይደለም።

ሲያልቅ መሬት ላይ አስቀምጣ "ና ጋኔ፣ ተቀመጥ" አለችኝ። ቀስ ብዬ፣ እንቁላል ላይ እንደሚቀመጥ ሰው፣ ተቀመጥኩ። አላመመኝም። ወንድ ልጅ ማቶት ላይ ተቀምጦ ያለቅሳል? እኔ ከደስታ ብዛት ዐይኔ ረጥቦ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሰፈሩ ስሜን ትቶ "ጋኑ" ሲለኝ ከረመ።

ዐቢይ ጾም ገብቶ ለክትትል ተመልሰን ሄድን። ሲስተሯ እኔን ጠይቃ ጨረሰችና ግድግዳውን ተደግፋ ወደቆመችው ባለቤቴ ዞረች።

"እናቴ፣ እርስዎ ለምን አይቀመጡም? ወንበር አለ እኮ።"

"ደኅና ነኝ ልጄ። ወገቤን ትንሽ ነው።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ኧረ ድሮ! ውኃ ተሸክሜ፣ እንጨት ተሸክሜ፤ ከወሊድም የቀረ ነው። ዕድሜም አለ። ማን ወገቡን ያላመመው አለ?"

"ሲያርፉ ይተውዎታል?"

ባለቤቴ ነጠላዋን ማስተካከል ጀመረች። እኔ ገባሁበት፤ "እሷ መቼ አርፋ ታውቃለች? የእኔን ጭራ ስታስታምም!" አልኩ። ማንም አልሳቀም።

"ሲተኙስ? እንቅልፍ ይነሣዎታል?"

"ሲያቅተኝ ተነሥቼ እቆማለሁ" አለች፣ እኔን ሳታይ።

"ከስተዋል?"

ለዚህ መልስ የሰጠው ቀሚሷ ነው። ሁለት ጊዜ አጥፋ ነበር መቀነቷን ያሠረችበት። በየቀኑ እያየኋት አላየሁም።

ሲስተሯ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። "ጋሼ፣ የእርስዎ ምክንያቱ ይታወቃል፤ ወድቀዋል" አለችኝ። "ወገብ በብዙ ነገር ይታመማል፤ በሸክም፣ ጎንበስ ብሎ በመዋል፣ በወሊድ፣ በዲስክ። የእነዚህ ብዙዎቹ ሰው ሲያርፍ ቀለል ይላሉ። ጋደም ሲሉ እንኳ የማይተው፣ ሰውነት የሚያከሳ ሕመም ግን ምክንያቱ ሌላ ሊሆን ስለሚችል ዝም አይባልም። ደሴ ሄደው መታየት አለባቸው፤ እጽፍላችኋለሁ።"

እንግዲህ የእኔ ጭራ የዚያን ቀን ተረሳ። ቤታችን ውስጥ የቀረው ጥያቄ አንድ ብቻ ሆነ፤ የእሷ ወገብ ምን ሆኗል?

ወደ ደሴ ስንሄድ ማቶቱን ይዘን ነው። ለሁለት በሽተኛ አንድ ማቶት! ሚኒባሱ ከላሊበላ እንደወጣ ጭቅጭቅ ጀመርን። እኔ "ከወገብሽ ጀርባ አድርገሽ ተደገፊበት" እላለሁ፤ እሷ "ከሥርህ አድርገህ ተቀመጥበት፣ ለአንተ ነው የሠራሁት" ትላለች። አሸነፍኩና ለእሷ ሰጥቼ እኔ እንደ ቀስት ጎብጬ፣ ጣሪያውን በራሴ ደግፌ ቆምኩ።

"ጋሼ ይቀመጡ እንጂ! ትራፊክ ያስቆመናል!" አለ ረዳቱ።

"ስእለት አለብኝ" አልኩት።

ከኋላ ያለ ሰውዬ አንገቱን አስግጎ "ይኼ የጋን ማስቀመጫ አይደለም እንዴ? ጠላ ይዛችኋል?" አለ።

"ጋኑን ይዘናል" አለች ባለቤቴ በአገጯ ወደ እኔ እያመለከተች። "ይኸው ቆሞልሃል። ጠላውን መንገድ ላይ አፍስሶት ነው።"

መኪናው በሙሉ ሳቀ። እሷም ሳቀች፤ በሳቋ መሃል ዐይኗን ጨፍና ማቶቱን በሁለት እጇ ጨመቀችው። አሁን የእጇን ነገር ማየት ለምጃለሁ።

ጋሸና ላይ ምሳ አልን። የምግብ ቤቷ ባለቤት ሙስሊም ናት፤ ትልቅ ሴት፣ ድምፅዋ ከመንገዱ ማዶ ላሉት የጭነት መኪና ሾፌሮች የሚሰማ። እኔ ቆሜ ስጎርስ አይታ "ምነው፣ ወንበሬን ናቅኸው?" ብላ ተቆጣች። ባለቤቴ አግዳሚው ላይ ጋደም ስትል ግን ቁጣዋን ትታ ፎጣ አጥፋ ከራሷ ሥር አደረገችላት። "አብሽሪ እህቴ። አላህ ያሽርሽ" አለቻት። ስንወጣ ባለቤቴን ደግፋ እስከ መኪናው አደረሰቻት፤ እኔን ደግሞ "አንተ ቋሚው፣ ጠብቃት" አለችኝ።

ደሴ ብዙ ቀን ቆየን። ደም ወሰዱ፣ ፎቶ አነሡ፣ ሌላም ፎቶ አነሡ። ዶክተሩ ሰው አክባሪ ነበር፤ ለብቻዬ ወደ ኮሪደሩ ጠርቶኝ ወንበር አቀረበልኝ። ሳልቀመጥ ሰማሁት። ሕመሙ ከወገቧ የተነሣ አይደለም፤ ሌላ ቦታ ያደገ ካንሰር ነው፤ ከዚያ ተነሥቶ አጥንቷ ውስጥ ገብቷል። ሸክሙም፣ ወሊዱም፣ ዕድሜውም አይደለም። ሕመሙን በሚያጠፋ መድኃኒት ለማከም ጊዜው አልፏል፤ የሚያስታግሰው ግን አለ። ቤቷ ብትሆን ይሻላታል አለኝ።

ወደ እሷ ስመለስ መንገዱ ላይ አንዲት ቀልድ ፈልጌ አገኘሁ።

"ምን አለህ?"

"አንቺም ጭራ አለሽ አለኝ። የአንቺ ከእኔ ይረዝማል።"

ፊቴን አየችኝ። ከዚያ ጉንጬን በእጇ ነካ አደረገችኝ። "ቀልድህ ታሟል አንተ ሰውዬ" አለች። "እንግዲያው እኔ አልድንም ማለት ነው።"

ቤታችን ተመለስን። ጎረቤቱ ይጠይቃት ጀመር። ለእኔ ጭራ ብርድ ነው፣ ዲስክ ነው፣ ኩላሊት ነው እያለ ሲከራከር የነበረ ሰው ሁሉ አሁን ምክንያት ይዞ የሚመጣ ጠፋ። ሙዝ ብቻ ይዘው መጡ። አስቀምጠውት፣ ጉልበቷን ስመው ይሄዳሉ።

እኔ ዋሻ ውስጥ ወዳለው ወደ ነአኩቶ ለአብ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። እዚያ ከዋሻው ጣሪያ ጠብ ጠብ የሚለው ውኃ ከሥሩ ባሉት ድንጋዮች ላይ ይጠራቀማል፤ ጸበል ነው። ካህኑ ቀድተው እስኪሰጡኝ ከጣሪያው ሥር ቆሜ ጠብታውን እያየሁ ድርድር ጀመርኩ። "ጌታዬ፣ የእኔን ጭራ እንደተሰበረች ተዋት፣ ጨምርባትም፤ ዕድሜዬን ሙሉ ልቁም። የእሷን ወገብ ብቻ" አልኩ። ካህኑ ሰምተውኝ ኖሯል፤ በመስቀላቸው ትከሻዬን ነካ አድርገው "እሱ በዚህ አይነግድም ልጄ" አሉኝ፤ ድምፃቸው ግን ቁጣ አልነበረበትም።

ጸበሉን ጠጣች። ደስም አላት። "የዋሻው ብርድ አለበት" አለች።

አንድ ቀን አልጋዋ አጠገብ ቆሜ ሳለ "ኧረ ከላይ እንደ ጣሪያ አትየኝ፤ ውረድ" አለችኝ። ማቶቱን ወለሉ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ፤ ፊታችን እኩል ሆነ።

"አንድ ነገር ላስቸግርህ" አለች። "ለቅሶዬን ቁጭ ብለህ ተቀመጥልኝ።"

"አሁን ይኼ ምን የሚሉት ወሬ ነው?"

"ስማኝ እንጂ! አውቅሃለሁ፤ አመመኝ ብለህ እንደ ባንክ ዘበኛ በር ላይ ትቆማለህ። ቆሞ የሚያለቅስ ባል ሌላ ሚስት ሊፈልግ መንገድ የጀመረ ነው የሚመስለው። ሰው አያማኝ። እስከ ሠልስቴ ድረስ መሬት ላይ፣ እንደ ሰው፣ ቁጭ በልልኝ።"

"የሚያመኝስ?"

"ማቶቱ ለመቼ ነው? ይዘህ ግባ።"

"ለቅሶ ቤት ማቶት ይዤ? ሰው ምን ይለኛል?"

"'ጋኑ' ነዋ፤ መች ሌላ ነገር ብለውህ ያውቃሉ?" አለችና ለመሳቅ ሞከረች። አልሆነላትም። እኔ ሳቅሁላት።

ነሐሴ ላይ፣ የቀትሩ ዝናብ ካባራ በኋላ ሞተች። በሩ ክፍት ነበር፤ ውጭ ፀሐይ ወጥታ ከጣሪያው ክዳን ላይ ውኃው ይንጠባጠባል። እጇን ይዣለሁ።

"ተቀምጠሃል?" አለችኝ ዐይኗን ሳትገልጥ።

"ተቀምጫለሁ።"

"እሰይ" አለች። ከዚያ በኋላ የነገረችኝ የለም።

ቅሬው ተጠራ። በእኛ አገር ቅሬ ማለት ሲታመሙ የሚሸከም፣ ሲሞቱ የሚቀብር ጎረቤት ነው፤ ቀብሩን እነሱ ጨረሱልኝ። ድንኳኑ ተተከለ። ሐዘንተኛ ደግሞ መሬት ላይ ነው የሚቀመጠው፤ ሰሌን ከተነጠፈለት በቂው ነው። ከሥሩ ምቾት አድርጎ የሚያለቅስ ሰው በእኛ ዘንድ ነውረኛ ነው፤ ሚስቱን ቀብሮ ለመቀመጫው የሚሳሳ ባል ይባላል። እኔ ይህን ስለማውቅ ማቶቱን ከጋቢዬ ሥር ደብቄ ገባሁ፤ እንደ ሌባ ዙሪያዬን አይቼ፣ ሰሌኑ ላይ አድርጌ፣ ጋቢዬን ዘርግቼ ተቀመጥኩበት። አለቀስኩ። እያለቀስኩም ስፈራ ነበር።

የፈራኋቸው አክስቷን ነው። ያሳደጓት እሳቸው ናቸው፤ ዐይናቸው ከጋቢ ሥር ያለ መርፌ ያያል። በሁለተኛው ቀን ከሴቶቹ መሃል ሆነው ለረጅም ጊዜ ተመለከቱኝ።

"አንተ፣ ምነው ከሌሎቹ ከፍ ብለሃል?"

"እኔ? የለም እማማ። ቁመቴ ነው።"

"ቁመትህን አውቀዋለሁ። ተነሥ እስቲ።"

ለቀስተኛው ሁሉ ዞረ። ተነሣሁ። ጎንበስ ብለው ማቶቱን ሳቡት። "የጋን ማስቀመጫ! ልጄን አፈር አልብሰህ አንተ የጋን ማስቀመጫ ላይ…" ብለው ሊያወርዱብኝ አፋቸውን ከፈቱ፤ ጨርቁን ሲያዩ ግን ቁጣውን ትተው ጥለቱን በጣታቸው ዳሰሱት። ያንን ቀሚስ ለልጃቸው የገዙላት እሳቸው ነበሩ።

"እሷ ናት የሠራችው?"

"እሷ ናት። ለወገቤ… ለጭራዬ።"

"መቼ?"

"ታማ ሳለ። አላወቅንም ነበር እንጂ ታማ ሳለ ነው የሠራችው።"

አክስቷ ማቶቱን ደረታቸው ላይ አድርገው ወደ ሴቶቹ ዞሩ፤ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ሙሾ አወጡ።

ወገቧን አጉብጦ ሕመሙ ሲጥላት፣
የባሏ መቀመጥ ነበር የጨነቃት።

ድንኳኑ በለቅሶ ተናጠ። ሴቶቹ ማቶቱን ከእጅ እጅ ተቀባብለው ደረታቸውን እየደቁ አለቀሱበት። የእኔ የመቀመጫ ማቶት በለቀስተኛ ራስ ላይ እንደ ዘውድ ሲዞር አየሁ። ከወንዶቹ በኩል አንዱ፣ ያ "እንዴት አድርገህ ነው አየር ላይ የተቀመጥከው?" ያለኝ ሰውዬ፣ ሳቁ አመለጠው፤ ወዲያው በጋቢው አፉን ይዞ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ። እሷ ብታይ እንዴት ደስ ባላት! ማን ይነግራታል? እንዲህ ያለውን ነገር ሁልጊዜ ሮጬ የምነግረው ለእሷ ነበር።

ማቶቱ ዞሮ ዞሮ አክስቷ ጋ ተመለሰ። ሰሌኑ ላይ፣ በሰው ሁሉ ፊት፣ አስተካክለው አስቀመጡልኝ። "ተቀመጥ ልጄ" አሉኝ። እንዳለችኝ እስከ ሠልስቷ ተቀመጥኩ።

በአርባዋ ልብሷን ለነዳያን ሰጠን፤ ወጉ ነው፤ የሟች ልብስ ለነፍሷ ይሰጣል እንጂ ቤት አይቀመጥም። ቀሚሱ፣ ነጠላው፣ ጋቢዋ ሁሉ ሄደ። አክስቷ ማቶቱንም አንሥተው አገላበጡት። "ይኼም ልብሷ ነው" አሉ። ካሰቡ በኋላ መልሰው አስቀመጡት። "እስኪሻልህ ይቆይ። ሲሻልህ ጨርቁ ተፈትቶ ይሰጣል።"

ይኸው ከዚያ ወዲህ በየበዓሉ ይመጣሉ። ገና በር ላይ ሳሉ "ጭራህ እንዴት ነው?" ይሉኛል። እኔም ወገቤን ይዤ እያነከስኩ እቀበላቸዋለሁ። "ኧረ እማማ፣ ብሶብኛል" እላቸዋለሁ። "ምክንያቱ ምን ይሆን?" ይላሉ። ብርድ ነው እላለሁ፤ ዲስክ ነው እላለሁ፤ ባለፈው ፋሲካ ኩላሊት ነው ብያቸዋለሁ። ሲስተሯ የጭራ አጥንት ሰውን እንደማያስነክስ ነግራኛለች፤ እኔ ግን አነክሳለሁ፤ አንዳንዴ በየትኛው እግሬ እንደጀመርኩ ይጠፋኛል።

ከዳንኩ ቆይቻለሁ። ድንጋይ ላይ ብቀመጥም አያመኝም። የማስመስለው ያቺን ቁራጭ ጨርቅ እንዳይወስዱብኝ ነው።